ገበያ፣ መሬትና ማዕድ፦ የዕፀዋት ፕሮቲን አጭር ታሪክ

የሰው ልጅ ባቄላን፣ ምስርን፣ ሽምብራንና አኩሪ አተርን መዝራትና መብላት የጀመረው «ፕሮቲን» የሚባለው ቃል ከመፈጠሩ ከብዙ ሺሕ ዓመታት በፊት ነው። ምስርና ሽምብራ በመካከለኛው ምሥራቅ፣ አኩሪ አተር በቻይና፣ ቦሎቄ በአሜሪካ ክፍለ ዓለም ከጥንታውያን ሰብሎች ተርታ ይቆጠራሉ። በየአካባቢውም ከአንድ የብርዕ ወይም የአገዳ እህል ጋር እየተጣመሩ የሕዝብ ቀለብ ሆነዋል። የህንድ ሩዝና የምስር ወጥ፣ የሜክሲኮ የበቆሎ ቂጣና ቦሎቄ፣ የኢትዮጵያ እንጀራና ሽሮ የዚሁ ጥምረት ምሳሌዎች ናቸው።

ይሁን እንጂ ባለፉት 180 ዓመታት ያህል ይህ ነባር ምግብ የሳይንቲስቶች፣ የመንግሥታትና የነጋዴዎች ጉዳይ ሆኖ ቆይቷል። በአንድ ወቅት ሥጋን ሊተካ አይችልም ተብሎ ተናቀ፤ በሌላ ጊዜ ዓለምን ከረሃብ ያድናል ተብሎ ተወደሰ፤ ዛሬ ደግሞ በባለጸጎቹ አገሮች ለጤናና ለአካባቢ ጥበቃ ይበጃል እየተባለ በውድ ዋጋ ይሸጣል። በእነዚህ ጊዜያት ሁሉ የባቄላው ይዘት ያን ያህል አልተለወጠም። የተለወጡት ዋጋው፣ የሚዘራበት መሬትና በማዕድ ላይ የሚሰጠው ክብር ናቸው። አንድ ሕዝብ ከዕፀዋት ምን ያህል ፕሮቲን እንደሚያገኝ ከሁሉ ይልቅ የወሰኑትም እነዚሁ ሦስቱ መሆናቸውን ታሪኩ ያስረዳል። ቀጥሎ የሚቀርበው ሐተታ ይህንኑ በጥቂት አገሮች ምሳሌነት ይመረምራል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመለኪያው አመጣጥ

ፕሮቲን የሚለው ስም ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የወጣው በ1838 ሲሆን፣ ያሳተመው ሆላንዳዊው ኬሚስት ሙልደር፣ ቃሉን ያቀረበለት ደግሞ ስዊድናዊው ቤርሴልዩስ ነበር። ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደው ይህ ቃል «ቀዳሚ» ወይም «ዋነኛ» የሚል ትርጉም ስላለው፣ ስያሜው ራሱ ለንጥረ ነገሩ የበላይነትን ሰጠው። ጀርመናዊው ሊቢግ በ1840ዎቹ የጡንቻ ኃይል የሚመነጨው ከፕሮቲን ነው ብሎ ሲያስተምር፣ ቀድሞም የሀብትና የክብር ምልክት የነበረው ሥጋ አሁን የሳይንስ ድጋፍ አገኘ።

የሊቢግ ተማሪ የነበረው ካርል ፎይት በሙኒክ ከተማ ባካሄደው ጥናት፣ መካከለኛ የጉልበት ሥራ የሚሠራ ሰው በቀን 118 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል ሲል ደመደመ። ይህ ቁጥር ለብዙ ዓመታት በአውሮፓና በአሜሪካ የቀለብ መመጠኛ ሆኖ አገልግሏል። ነገር ግን ፎይት ቁጥሩን ያገኘው በቂ ደመወዝ ያላቸው ሠራተኞች ይበሉ የነበረውን በመመልከት ነበር። ሠራተኛው በደመወዙ ገዝቶ የሚበላው መጠን፣ ሰውነቱ የግድ የሚሻው መጠን ተደርጎ ተወሰደ። በዚህም ምክንያት የዘመኑ የደመወዝና የገበያ ሁኔታ ሳይታወቅ በሳይንሱ መለኪያ ውስጥ ገባ። በዚያ ሚዛን ሲለካ፣ በጥራጥሬና በእህል የሚኖረው አብዛኛው የዓለም ሕዝብ ጎዶሎ ምግብ የሚበላ ሆኖ ታየ።

መለኪያውን የተቃወሙ አልጠፉም። በአሜሪካ የየል ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ራስል ቺተንደን በ1904 ባሳተመው ጥናት፣ ራሱን፣ የሥራ ባልደረቦቹን፣ ወታደሮችንና ስፖርተኞችን ለወራት መርምሮ፣ ፎይት ካስቀመጠው ግማሽ ያህል ፕሮቲን ለጤናማ ሰው በቂ መሆኑን አሳየ። በ1914 ደግሞ ኦስቦርንና ሜንደል የተባሉ ተመራማሪዎች የበቆሎን አንድ ፕሮቲን ብቻ እየመገቡ ባሳደጓቸው አይጦች ላይ፣ ለዕድገት የሚያስፈልገው የፕሮቲን ብዛት ብቻ ሳይሆን ፕሮቲኑ የተገነባባቸው አሚኖ አሲዶች ዓይነትም መሆኑን አረጋገጡ። አይጦቹ ላይሲንና ትሪፕቶፋን የተባሉት አሚኖ አሲዶች ሲጨመሩላቸው ማደግ ጀመሩ።

ከዚህ ግኝት የተከተለው ዕውቀት ለጥራጥሬ ትልቅ ትርጉም ነበረው። ስንዴ፣ በቆሎና ሌሎቹ እህሎች ላይሲን ያንሳቸዋል፤ ጥራጥሬ ላይሲን የተትረፈረፈው ሲሆን ሜታዮኒን ያጥረዋል፤ እህል ደግሞ ሜታዮኒን አለው። ሁለቱ ሲጣመሩ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ኬሚስቶቹ በቤተ ሙከራ የደረሱበትን ጥምረት የየአገሩ ባለሞያ ሴቶች በድስታቸው ሲያዘጋጁት ኖረዋል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት፣ የምግብና እርሻ ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ በ2007 ባወጡት መግለጫ መሠረት፣ ለአዋቂ ሰው በቀን በክብደቱ በያንዳንዱ ኪሎ ግራም 0.83 ግራም ጥሩ ፕሮቲን ይበቃል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 50 ግራም ያህል ይሆናል፤ ይኸውም የፎይት መለኪያ ግማሽ እንኳ አይሞላም።

የ«ፕሮቲን ክፍተት» ዓመታት

የሥጋና የወተት ክብር በሐኪሞች ዘንድ እንደገና የገነነው በሕፃናት በሽታ ምክንያት ነው። በያኔዋ ጎልድ ኮስት፣ በዛሬዋ ጋና ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ሲስሊ ዊሊያምስ በ1933 አንድ የሕፃናት ሕመም በጽሑፍ አሳወቁ። በሽተኞቹ ከጡት ተለይተው በበቆሎ ምግብ የሚያድጉ ሕፃናት ሲሆኑ፣ እግራቸው ያብጥ፣ ቆዳቸው ይላጥ፣ ጠጉራቸው ይሳሳ ነበር። ዶክተሯ በ1935 ባወጡት ጽሑፍ ሕመሙን በአካባቢው በጋ ሕዝብ ቋንቋ ክዋሽዮርኮር ብለው ጠሩት። ትርጉሙም ታናሽ ሲወለድ ከእናቱ ጡት የተገለለ ልጅ የሚይዘው በሽታ ማለት ነው። ስሙ እንደሚያመለክተው እናቶቹ በሽታውን ከቤተሰብ ሁኔታ ጋር አያይዘውት ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ባለሞያዎቹ ያተኮሩት በአንድ ንጥረ ነገር፣ በፕሮቲን ጉድለት ላይ ነበር።

በ1955 ጉዳዩን የሚከታተል አማካሪ የፕሮቲን ቡድን በዓለም ጤና ድርጅት ተቋቋመ፤ በኋላም የምግብና እርሻ ድርጅትና የሕፃናት መርጃ ድርጅት ተባበሩበት። በ1968 በተባበሩት መንግሥታት የወጣ አንድ ሰነድ ዓለም በፕሮቲን ቀውስ አፋፍ ላይ እንደምትገኝ አስጠነቀቀ። የዓሣ ዱቄት፣ የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ፣ የውኃ አልጌ፣ ከነዳጅ ዘይት ውጤት ላይ የሚበቅል እርሾ ሳይቀሩ አዲስ የፕሮቲን ምንጭ እንዲሆኑ ምርምር ተካሄደባቸው። የሐሳቡ መሠረት ድሃው የጎደለው ፕሮቲን ስለሆነ፣ ርካሽ ፕሮቲን በፋብሪካ ተሠርቶ በፓኬት ቢሸጥለት ችግሩ ይወገዳል የሚል ነበር።

ከነዚህ ምግቦች በጣም የታወቀው በጓቴማላ የተሠራው ኢንካፓሪና ነው። በ1949 የተቋቋመው የመካከለኛው አሜሪካና የፓናማ የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት፣ በእነ ኔቪን ስክሪምሾውና ሪካርዶ ብሬሳኒ መሪነት፣ የበቆሎና የጥጥ ፍሬ ዱቄትን ከእርሾና ከቪታሚን ጋር ቀላቅሎ ያዘጋጀው ሲሆን፣ የሚዘጋጀውም አገሬው አቶሌ እያለ እንደሚጠጣው አጥሚት ነበር። ይህ ብልህ ምርጫ ነበር። ምግቡ ለአገሬው አፍ እንግዳ አልሆነበትም፤ ኢንካፓሪና በጓቴማላ ገበያ እስከ ዛሬ ይገኛል።

በኢትዮጵያም ተመሳሳይ ሥራ ተሠርቷል። በ1962 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የተቋቋመውና በኋላ የኢትዮጵያ ኒውትሪሽን ኢንስቲትዩት የሆነው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል፣ ከስንዴ፣ ከሽምብራ፣ ከአኩሪ አተርና ከወተት ዱቄት የተቀመመ የሕፃናት ምግብ አዘጋጀ። ስሙም ፋፋ ተባለ። ልጁ ወፈረ፣ አደገ፣ ደህና ሆነ ለማለት የሚነገረውን ቃል መምረጡ፣ ምግቡን ለእናቶች ጆሮ ቅርብ አድርጎታል። በድርቅ ዘመናትም ፋፋ ለብዙ ሕፃናት የእርዳታ ምግብ ሆኗል።

ይሁንና ኢንካፓሪናም ሆነ ፋፋ አንድ የጋራ ወሰን ነበረባቸው። ከወተት ቢረክሱም የሚገዙት በጥሬ ገንዘብ ነው። የክዋሽዮርኮር በሽተኞች በብዛት የሚገኙባቸው ቤተሰቦች ደግሞ ከማሳቸው የሚያገኙትን እየበሉ፣ ገንዘብን ለጨው፣ ለግብርና ለልብስ ብቻ የሚያወጡ ነበሩ። ስለዚህ በፓኬት የሚሸጠው ምግብ ይበልጥ የደረሰው ደመወዝ ላለው ለከተማው ቤተሰብ ሲሆን፣ የታሰበለት የገጠር ሕፃን ዘንድ ለመድረስ እርዳታ ወይም ነጻ እደላ ያስፈልግ ነበር።

ሳይንሱም ቢሆን ብዙ ሳይቆይ ራሱን መረመረ። በህንድ ሃይደራባድ የሚሠሩት ዶክተር ጎፓላን፣ የእህልና የጥራጥሬ ምግብ የሚበሉ ድሃ ሕፃናት ሆዳቸው እስኪሞላ ቢበሉ ፕሮቲኑም አብሮ እንደሚሟላላቸው፣ ዋናው ጉድለት የምግቡ ማነስ እንደሆነ አስረዱ። በ1971 የተሰበሰበው የባለሞያዎች ጉባኤም የፕሮቲን ፍላጎት ግምትን ዝቅ ሲያደርግ፣ በወረቀት ላይ የነበረው ክፍተት በአብዛኛው ተደፈነ። ዶናልድ ማክላረን የተባሉት ሐኪም በ1974 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ ጠቅላላ ዘመቻውን ታላቅ ውድቀት ብለው ነቀፉት። አማካሪው የፕሮቲን ቡድንም በ1977 ፈረሰ።

እዚህ ላይ ፍርዱ እንዳያጋድል አንድ ማስረጃ መጨመር ተገቢ ነው። ያው የጓቴማላው ኢንስቲትዩት ከ1969 እስከ 1977 በአራት መንደሮች ባካሄደው ጥናት፣ በሁለቱ መንደሮች ኢንካፓሪናና የወተት ዱቄት ያለበት አጥሚት፣ በሁለቱ ፕሮቲን የሌለው ጣፋጭ መጠጥ በነጻ ይታደል ነበር። በ2008 የታተመው የክትትል ጥናት እንዳመለከተው፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት የዕድሜ ዓመታቸው አጥሚቱን ያገኙ ወንዶች ካደጉ በኋላ የሰዓት ገቢያቸው በአማካይ ከመቶ 46 ያህል በልጦ ተገኘ። አጥሚቱ ከፕሮቲን ሌላ ተጨማሪ ኃይል ሰጪ ምግብም ስለያዘ፣ ውጤቱ ለፕሮቲን ብቻ የሚሰጥ አይደለም። ነገር ግን ጥሩ የሕፃናት ምግብ በትክክለኛው ዕድሜ ላይ ቢደርስ ምን ሊሠራ እንደሚችል ያሳያል። ለመድረሱ ምክንያት የሆነው ደግሞ ዋጋ ያልተጠየቀበት መሆኑ ነው።

መሬትና የመንግሥት ዋጋ፦ የህንድ ምሳሌ

ጠበብቱ ስለ አዳዲስ የፕሮቲን ምንጮች በሚከራከሩባቸው በእነዚያው ዓመታት፣ ነባሩ የፕሮቲን ምንጭ ከድሃው ገበታ ላይ እየቀነሰ ነበር። ህንድ የዚህ ዋና ምሳሌ ናት።

ህንድ በ1960ዎቹ አጋማሽ ከደረሰባት የእህል እጥረት በኋላ ምርታማ የስንዴና የሩዝ ዘሮችን፣ ማዳበሪያንና መስኖን በሰፊው አስገባች። መንግሥት ለስንዴና ለሩዝ የተወሰነ ዝቅተኛ ዋጋ እያረጋገጠ በ1965 ባቋቋመው የእህል ኮርፖሬሽን አማካይነት ምርቱን ይገዛ ጀመር። ውጤቱ ታላቅ ነበር፤ ህንድ ከእህል ልመና ተላቀቀች። ነገር ግን የፑንጃብና የአካባቢው ገበሬ የጉድጓድ ውኃና አስተማማኝ ገዢ ሲያገኝ፣ ቀድሞ ሽምብራ ይዘራበት የነበረውን መሬት ስንዴ ዘራበት። ሽምብራና ሌሎቹ ጥራጥሬዎች ዝናብ ወደሚያንሳቸውና መስኖ ወደሌላቸው የመካከለኛውና የደቡብ ህንድ መሬቶች ተገፉ። በዚያ ላይ ምርታቸው በድርቅና በተባይ ስለሚለዋወጥ ዋጋቸው አይረጋም።

በመንግሥት አኃዝ መሠረት በ1961 ለአንድ ህንዳዊ በቀን 69 ግራም ያህል ጥራጥሬ ይደርሰው ነበር። በ2001 ይህ መጠን ወደ 30 ግራም ወረደ። የሕዝቡ ብዛት ከእጥፍ በላይ ሲሆን የጥራጥሬው ምርት አብሮ አላደገም። በአብዛኛው ሃይማኖቱ ወይም ኪሱ ሥጋ በማያዘወትር ሕዝብ ዘንድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ህንድ ዛሬም ከዓለም ዋነኛዋ የጥራጥሬ አምራች፣ ተጠቃሚና አስመጪ ናት፤ በ2015 ምርት በጎደለ ጊዜ የክክ ዋጋ መናር በመላ አገሪቱ የፖለቲካ ጥያቄ ሆኖ ነበር። የህንድን ቤተሰብ ጥራጥሬ እንዲቀንስ ያስገደደው የምግብ ትምህርት ማነስ አልነበረም። ስንዴ አስተማማኝ ገዢና ውኃ ሲያገኝ ሽምብራ አላገኘም፤ ልዩነቱ ይህ ነው።

ከማዕድ ወደ ግርግም፦ የአኩሪ አተር ጉዞ

ጥራጥሬ በህንድ መሬት ሲያጣ፣ በሌላው ዓለም አንዱ ጥራጥሬ፣ አኩሪ አተር፣ ከማናቸውም ይበልጥ ተስፋፋ። የተስፋፋው ግን በአብዛኛው ለሰው ገበታ አልነበረም። በቻይናና በጃፓን አኩሪ አተር ቶፉ፣ ሶስና ሾርባ ሆኖ ለብዙ መቶ ዓመታት ተበልቷል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ በሰፊው ሲዘራ ግን ዘይቱ ለምግብ፣ ፋጉሎው ለዶሮና ለአሳማ መኖ ሆነ።

ይህ ሥርዓት ምን ያህል ስስ መሆኑ በ1973 ታየ። በ1972 በፔሩ ባሕር የአንቾቪ ዓሣ በመጥፋቱ ለመኖ የሚውለው የዓሣ ዱቄት አነሰ፤ መኖ ፈላጊው ሁሉ ወደ አኩሪ አተር ዞረ። ዋጋው ከጥቂት ጊዜ በፊት ከነበረበት በሦስት እጥፍ ገደማ አድጎ፣ 27 ኪሎ ግራም የሚሆነው አንድ ቡሼል ከ12 ዶላር በላይ ተሸጠ። የፕሬዚዳንት ኒክሰን መንግሥት በአገሩ የሥጋ ዋጋ እንዳይንር በመስጋት ሰኔ 27 ቀን 1973 አኩሪ አተር ወደ ውጭ እንዳይላክ አገደ። እገዳው የቆየው ለጥቂት ወራት ቢሆንም፣ ከምታስመጣው አኩሪ አተር አብዛኛውን ከአሜሪካ ትገዛ የነበረችውን ጃፓንን ክፉኛ አስደነገጠ። የዋሽንግተን ውሳኔ የመነጨው ለከብትና ለዶሮ ከሚቀርበው መኖ ጋር በተያያዘ ስጋት ሲሆን፣ በቶኪዮ የተሰማው ግን በሰው ማዕድ ላይ ነበር።

ጃፓን ከዚህ በኋላ ሌላ ምንጭ ፈለገች። በ1979 በተጀመረ የጋራ ዕቅድ፣ በብራዚል ሴራዶ የተባለውን ሰፊ ሜዳ ለእርሻ ለማዋል ገንዘብና ሙያ አዋጣች። የብራዚል ሳይንቲስቶችም የአፈሩን አሲድነት በኖራ በማከምና ለሞቃት አየር የሚስማሙ ዘሮችን በማውጣት መሬቱን ለአኩሪ አተር አመቹት። በ1970 አንድ ሚሊዮን ተኩል ቶን ያህል ታመርት የነበረችው ብራዚል ዛሬ ከ150 ሚሊዮን ቶን በላይ በማምረት ከዓለም አንደኛ ሆናለች። ለዚህም የሴራዶ የተፈጥሮ ዕፀዋትና የአማዞን ደን ክፍል ዋጋ ከፍለዋል።

የዚህ ምርት ትልቁ ገዢ የአኩሪ አተር እናት አገር የሆነችው ቻይና ናት። በ1961 ለአንድ ቻይናዊ በዓመት 5 ኪሎ ግራም ያልሞላ ሥጋ ይደርሰው የነበረ ሲሆን፣ በሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን ወደ 60 ኪሎ ግራም አድጓል። ገቢ ሲያድግ ሰው ከእህልና ከሥራ ሥር ወደ ውድ ምግብ እንደሚዞር አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ሜሪል ቤኔት በ1941 አስተውሎ ነበር፤ የቻይና ታሪክ ይህን በስፋት አረጋገጠ። በ2020 ቻይና ያስመጣችው አኩሪ አተር 100 ሚሊዮን ቶን ደረሰ። በዓለም ከሚመረተው አኩሪ አተር ሦስት አራተኛ ያህሉ ለእንስሳት መኖ ሲውል፣ ቶፉንና የአኩሪ አተር ወተትን በመሳሰለ መልክ በቀጥታ ለሰው የሚቀርበው ከመቶ 7 ያህል ብቻ ነው። እንስሳው ከሚበላው ፕሮቲን አብዛኛው ወደ ሥጋ ሳይለወጥ ስለሚቀር፣ ብዙ ጥራጥሬ ማምረት ብዙ ጥራጥሬ መብላት ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ጾምና ሽሮ

ገቢ ሲያድግ ጥራጥሬ ከማዕድ መራቁ የማይቀር ሕግ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ሃይማኖትና ልማድ ይህን ዝንባሌ ሊገቱ እንደሚችሉ የኢትዮጵያ ምሳሌ ያስረዳል።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ምእመናን በዓመት 180 ቀናት ያህል፣ ካህናትና መነኮሳት ደግሞ እስከ 250 ቀናት ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይታቀባሉ። ረቡዕና ዓርብ፣ 55 ቀን የሚቆየው ዐቢይ ጾም፣ የነቢያት፣ የሐዋርያትና የፍልሰታ አጽዋማት ሲደመሩ፣ የዓመቱ ግማሽ ያህል የጥራጥሬ ወቅት ይሆናል። የጾሙ ሕግ ለባለጸጋውም ለድሃውም አንድ በመሆኑ፣ በሌሎች አገሮች የድህነት ምልክት ሆኖ የቀረው ጥራጥሬ በኢትዮጵያ የተከበረ ሥፍራ አገኘ። ባለሞያዎችም ከእርሱ ብዙ አወጡ። ምጥን ሽሮው፣ ክኩ፣ አዚፋው፣ ስልጆው፣ በዓሣ ቅርጽ የሚሠራው የሽምብራ ዓሣ ሁሉ የጾም ወራት የፈጠራቸው ጥበቦች ናቸው። ሽሮ ዛሬ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም፣ የፍስክም የጾምም ምግብ ነው። በዋሽንግተንና በሌሎች የውጭ አገር ከተሞች ያሉ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶችም ሥጋ ለማይበሉ እንግዶች የሚያቀርቡት ይህንኑ የጾም በያይነቱ ነው።

የመሬቱ ሁኔታም ከዚህ ጋር ይስማማል። የደጋው ገበሬ ባቄላንና አተርን ከስንዴና ከገብስ ጋር የሚያፈራርቀው ለድስቱ ብቻ ሳይሆን ለአፈሩ ብርታት ጭምር ነው። ጥራጥሬ ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ ለአፈር ስለሚሰጥ፣ ቀጥሎ የሚዘራው እህል ይጠቀማል። ኢትዮጵያ ከቻይና ቀጥላ በዓለም ሁለተኛ የባቄላ አምራች የሆነችው እምነቱ፣ እርሻውና ማዕዱ እንዲህ ስለተደጋገፉ ነው።

ይህ ማለት ግን ሁሉም ነገር ተሟልቷል ማለት አይደለም። ሕፃናት ከጾም ነጻ ቢሆኑም፣ በጾም ወቅት ቤት ውስጥ ወተትና እንቁላል የማይዘጋጅበት ጊዜ ብዙ መሆኑን በቅርብ ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች ያመለክታሉ። ከጥራጥሬ ብቻ የማይገኙ ወይም በቀላሉ የማይገኙ፣ እንደ ቪታሚን ቢ12ና ዚንክ ያሉ ንጥረ ነገሮች ለሕፃኑ ያስፈልጉታል። የድሃው ሽሮም ዘይት፣ ሽንኩርትና ማገዶ ይጠይቃል፤ የእነዚህ ዋጋ ሲጨምር ወጡ እየቀጠነ ይሄዳል።

የድሃው ጥራጥሬ

ዋጋ በጥራጥሬ ላይ ያለውን ኃይል ከሁሉ በላይ በግልጽ የሚያሳየው ግን የጓያ ታሪክ ነው። ጓያ ድርቅንም የውኃ መቋጠርንም የሚቋቋም፣ ብዙ ድካም የማይጠይቅና በፕሮቲን የዳበረ ጥራጥሬ ነው። ነገር ግን በውስጡ ነርቭን የሚጎዳ ንጥረ ነገር አለ። ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ ከወገብ በታች ያለውን አካል ያሽመደምዳል፤ በብዛት የሚያጠቃው ወጣቶችን ሲሆን፣ የተሽመደመደው እግር አይመለስም። ሰዓሊው ጎያ በ1811 እና 1812 በማድሪድ የደረሰውን ረሃብ ባሳየባቸው ሥዕሎች መካከል አንዱ የተሰየመው በዚሁ ጥራጥሬ ነው። ህንድም በ1961 ሽያጩን በሕግ አግዳለች።

በኢትዮጵያ በ1970ዎቹ በደምቢያና በፎገራ፣ በ1990ዎቹ ደግሞ በወሎ በደላንታ ዳውንት የጓያ በሽታ በወረርሽኝ መልክ ተነሥቷል። በ1997ቱ ድርቅ በደላንታ ዳውንት ወደ 2000 የሚጠጉ ሰዎች ተጎድተዋል። ሕዝቡ የጓያን ጉዳት የማያውቅ ሆኖ አልነበረም። በደህናው ዘመን ጓያ ከሌላ ጥራጥሬና ከእህል ጋር ተቀላቅሎ፣ ተቀቅሎና ውኃው ተደፍቶ ይበላ ነበር። በድርቁ ጊዜ ግን ከማሳው የተረፈው፣ በገበያም የረከሰው ጓያ ብቻ ሆነ። ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ወረርሽኙን መርምረው እንዳረጋገጡት፣ ጓያን ከበቂ እህል ጋር ቀላቅለው የበሉ ሰዎች ለበሽታው የመጋለጥ ዕድላቸው ያነሰ ነበር። ስለዚህ ለድርቅ አካባቢ በጊዜው የሚላክ እህል፣ ረሃብን ከማስታገሡ ሌላ እግርንም ያድናል።

እህል ያለው ሰው ጓያን በሽሮው ውስጥ ቀላቅሎ በደህና ይበላል፤ እህል ያጣ ጎረቤቱ በዚያው ጓያ ይሽመደመዳል። የሁለቱን ዕጣ የለየው ጎተራቸው ነው።

ከታሪኩ የሚገኝ ትምህርት

በቅርብ ዓመታት በአውሮፓና በአሜሪካ ከአተርና ከአኩሪ አተር የሚሠሩ ሥጋ መሰል ምግቦች ብዙ ተወርቶላቸዋል። ቢዮንድ ሚት የተባለው ኩባንያ በግንቦት 2019 አክሲዮኑን በ25 ዶላር ለገበያ ሲያቀርብ፣ ዋጋው በመጀመሪያው ቀን ከእጥፍ በላይ አደገ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ከመነሻው በታች ወረደ። የእነዚህ ምግቦች ዋጋ ከሥጋው በልጦ መገኘቱ ከቀዘቀዙባቸው ምክንያቶች አንዱ ነው። በድሃ አገር ርካሽ ስለሆነ የተናቀው ባቄላ፣ በባለጸጋ አገር ውድ በመሆኑ ከብዙኃኑ ማዕድ ራቀ።

ከሙልደር ዘመን እስከ ዛሬ ያለው ታሪክ ለሥነ ምግብ፣ ለእርሻና ለጤና ባለሞያዎች የሚሰጠው ትምህርት ከዚህ የተነሣ ግልጽ ነው። አዲስ የጥራጥሬ ዝርያ ወይም አዲስ የተቀናበረ ምግብ ሲቀርብ፣ የፕሮቲኑ መጠን ከተለካ በኋላ ሦስት ጥያቄዎች ሊጠየቁ ይገባል። ጥሬ ገንዘብ የሌለው ቤተሰብ በምን ያገኘዋል? ገበሬው ከስንዴ ወይም ከጤፍ ይልቅ እርሱን እንዲዘራ የሚያደርገው ምን ዋጋና ምን ገዢ አለ? በማዕድ ላይስ ሲቀርብ የክብር ምግብ ነው ወይስ የችግር?

ኢትዮጵያ ለሦስተኛው ጥያቄ በዘመናት የተገነባ መልስ አላት፤ ሽሮ አያሳፍርም። የቀሩት ሁለቱ ጥያቄዎች ግን በየዓመቱ በገበያው፣ በማሳውና በእህል መጋዘኑ እንደገና የሚመለሱ ናቸው። መልሱ ሲዘገይ ጉዳቱ የሚታየው በደላንታ እንደታየው በሰው እግር ላይ፣ በጎልድ ኮስት እንደታየው ደግሞ ከጡት በተለየ ሕፃን ላይ ነው።